ከቴሌግራም ድምፅ እስከ መዝገብ ቤት ማኅተም፦ በቱሉ ዲምቱ ስለሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ቤት

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ሥር ካሉት የንግድ ክፍሎች በአንዱ የተከፈተ የኮምፒውተር ቤት አለ። ባነሩ ላይ «ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ኢንተርኔት፣ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ» ከሚለው በቀር የቤቱ ስም አልተጻፈበትም፤ የሰፈሩ ሰው ግን በጽሕፈት ሥራው ላይ በተቀመጡት እናት ምክንያት «እትዬ ጋ» ብሎ ይጠራዋል። እንዲህ ያለ ቤት በየኮንዶሚኒየሙ ስለሚገኝ ግምገማ የሚያስፈልገው ላይመስል ይችላል። እኔን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን የሰፈራችን ወጣቶች በስልካቸው የሚያካሂዱት ፖለቲካ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሲሻገር ያየሁት በዚህ ቤት በኩል ብቻ መሆኑ ነው።

ስለ ተራው አገልግሎት በአጭሩ ልናገር። ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ቁልፍ ሰሌዳ ፊደሉ ተፍቆ ካለቀ ቆይቷል። ዋይፋይ የይለፍ ቁጥር በተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት በሰዓት ይሸጣል፣ ማታ ማታ ደግሞ ይንቀራፈፋል። መብራት ሲጠፋ ባትሪው የሚያቆየው ራውተሩን ብቻ ስለሆነ በስልክ የሚጠቀም ሰው ሥራውን ይቀጥላል፣ በኮምፒውተር የሚጽፍ ግን ያላስቀመጠውን ያጣል። ክፍያ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይቻላል። ፕሪንቱ ጥርት ያለ ነው፤ ኮፒው ግን በገጹ ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ያወጣል፤ ይህም ማኅተም ያለበት ሰነድ ለሚያስገለብጥ ሰው ደስ አይልም።

ከበሩ ፊት ለፊት «ፖለቲካ ማውራት ክልክል ነው» የሚል በላሚኔሽን የታሸገ ወረቀት ተለጥፏል። ማስጠንቀቂያው ከጠጅ ቤትና ከግሮሰሪ ጀምሮ የምናውቀው ሲሆን፣ እዚህ ቤት ግን የሚጥሰው አይገኝም፣ ምክንያቱም የሚያወራ ሰው የለም። ሁሉም የጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ አንዱ በቲክቶክ የቀጥታ ሥርጭት ክርክር ይከታተላል፣ ሌላው በቴሌግራም ቻናል ሥር ረጅም አስተያየት ይጽፋል፣ ሦስተኛው የዩቲዩብ ትንታኔ በእጥፍ ፍጥነት ያዳምጣል። ትከሻ ለትከሻ የተቀመጡ ሁለት ልጆች በአንድ ቪዲዮ ሥር በቅጽል ስም ሲሰዳደቡ ውለው ማታ «ቻው» ተባብለው ቢለያዩ አይገርመኝም። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ በፖለቲካ ተሞልቶ እንደ ቤተ መጻሕፍት ጸጥ ይላል።

ይህ ጸጥታ የራሱ ታሪክ አለው። ከዚህ ቤት በታክሲ ጥቂት ከተሄደ የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ይገኛል፣ ወደ ከተማው ሲመለሱ ደግሞ ቃሊቲ። በይነ መረብን ለፖለቲካ ጉዳይ በአደባባይ መጠቀም ከጀመሩት ወጣቶች መካከል የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ስማቸውን የወሰዱት ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው፤ ማረሚያ ቤቱ ስምንት ዞኖች ስላሉት፣ ከአጥሩ ውጪ ያለው አገር ሁሉ ዘጠነኛው ነው ማለታቸው ነበር። በሚያዝያ 2006 ከሌሎች ጋዜጠኞች ጋር ተያዙ፤ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ታስረው የቆዩት እዚሁ ቂሊንጦ ነበር። በሐምሌ 2007 የከፊሎቹ ክስ ተቋረጠ፤ በጥቅምት 2008 ደግሞ ቀሪዎቹ ከሽብር ክሱ በፍርድ ቤት ነፃ ተባሉ። እነዚያ ወጣቶች በሙሉ ስማቸውና በፎቶግራፋቸው ረጃጅም ጽሑፍ ይጽፉ ነበር። ዛሬ በዚህ ቤት የሚቀመጡት ልጆች ያኔ ገና ፊደል ይቆጥሩ የነበሩ ናቸው፤ ጦማር የሚባለውንም አብዛኞቹ አያውቁትም። ከትዝታው የወረሱት ነገር ቢኖር በእውነተኛ ስም አለመጻፍን ይመስለኛል።

ሁለተኛው ውርስ የግንኙነት መቋረጥ ነው። በሰኔ 2012 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከተፈጠረው ችግር ጋር ተያይዞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብለው ቆይተዋል። ከዚያ ቀደም በ2009 የብሔራዊ ፈተና ሰሞን መስመሩ ተዘግቶ እንደነበር የዚያ ዘመን ተፈታኞች አይረሱትም። ቪፒኤን መጫን ለአንድ ወጣት ከፖለቲካ ጋር የመጀመሪያው ትውውቅ የሆነበት አገር ብዙ አይደለም። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ የምክር ቤት አባሉን ስም ላያውቅ ይችላል፤ የትኛው ቪፒኤን በየትኛው መስመር እንደሚሠራ ግን አስተካክሎ ይነግርሃል። መንግሥትን የሚያውቀው በሚከፈትና በሚዘጋ መስመር ስለሆነ፣ ተሳትፎም ለእርሱ መስመሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ቶሎ ብሎ መናገር ማለት ሆኗል።

የአካባቢያችን ነገር ደግሞ ከሌላው ሰፈር በአንድ ነጥብ ይለያል፤ የእኛ አድራሻ ራሱ አንድ ሰሞን የፖለቲካ መፈክር ሆኖ ነበር። የካቲት 27 ቀን 2011 ከ51 ሺሕ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ ጎረቤታችን ኮዬ ፈጬ የአገሪቱ ሁሉ መነጋገሪያ ሆነ። በኦሮሚያ ከተሞች ቤቶቹ የተሠሩት በኦሮሚያ መሬት ላይ ነው የሚል ተቃውሞ ተነሣ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ ጠሪነት ባልደራስ በሚባለው አዳራሽ ስብሰባ ተካሄደ፤ ሁለቱም ወገን ሰዉን የጠራው በአብዛኛው በፌስቡክ ነበር። ዕጣ የደረሰው ቆጣቢም፣ መሬቱን የለቀቀው የገበሬ ልጅም፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ራሱ ጉዳይ ከራሱ በላይ የሚያውቁ ተንታኞች በስልኩ ላይ በረከቱበት። ለቁጣው መነሻ የሆነው ጥያቄ በሁለቱም በኩል የእውነት ነበር። ያም ሆኖ ውሳኔ በሚሰጥበት መዝገብ ላይ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ፊርማ የትም አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው የእትዬ ጠረጴዛ የሚመጣው። እትዬ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ከኮምፒውተሮቹ ተለይቶ በመስኮቱ ሥር በተቀመጠው ጠረጴዛቸው ላይ ማመልከቻ፣ ውል፣ ውክልናና አቤቱታ ይጽፋሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ወረፋዬን ስጠብቅ ሦስት ወጣቶች ገቡ። ጉዳያቸው በብሎኮቹ መካከል ያለው የመንገድ መብራት ነበር፤ ከፋብሪካ በማታ ፈረቃ የሚመለሱ ልጃገረዶች በጨለማ እየተዘረፉ ነው። በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የድምፅ መስጫ አውጥተው በመቶዎች የሚቆጠር ሰው «ይሠራልን» ብሏል። የስክሪኑን ፎቶ አሳይተው «እትዬ፣ ይህንን በከለር ያትሙልን» አሏቸው።

እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና «ይህ ለማን ነው የሚሄደው?» ሲሉ ጠየቁ። «ለሚመለከተው አካል ነዋ» አለ አንደኛው። «የሚመለከተው አካል የሚባል መሥሪያ ቤት እኔ አላውቅም፣ ልጄ» አሉት።

ቀጥሎ የመጡት ጥያቄዎች ለልጆቹ ከማንኛውም የፌስቡክ ክርክር የከበዱ ሆነው አየኋቸው። ብሎካችሁ በየትኛው አስተዳደር ሥር ነው? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ ስለ ወሰናቸው ከተስማሙና በ2015 ሸገር ከተማ ከተቋቋመ በኋላ፣ በዚህ አካባቢ መንገድ ተሻግሮ የሚኖር ጎረቤት አቤት የሚልበት ደጅ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከልጆቹ ሁለቱ አንድ ወረዳ ሲናገሩ ሦስተኛው ሌላ ተናገረ። የጠፉት አምፖሎች ስንት ናቸው፣ ከየትኛው ምሰሶ እስከ የትኛው? ከመቼ ጀምሮ? ቀድሞ በቃል ያመለከታችሁት ሰው አለ? ግልባጩስ ለማን ይሁን? በመጨረሻ፣ ማን ነው የሚፈርመው? እትዬ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ የሚል ሠንጠረዥ አሠርተው በባዶው አተሙና «ይህን ሞልታችሁ ስትመጡ እኔ ደብዳቤውን እጽፋለሁ» ብለው ሰጧቸው። ለባዶው ሠንጠረዥ ገንዘብ አልተቀበሉም።

በግሩፑ ላይ ድምፅ የሰጠው ሰው በመቶዎች ቢቆጠርም የፈረመው ከሠላሳ ብዙም አልበለጠም። ከፈረሙትም ቀድመው ብዕር የጨበጡት የእድር ሴቶች ነበሩ፤ ቴሌግራም ላይ ጭራሽ የሌሉ፣ ግን በፊርማ መዋጮ መክፈልና በፊርማ መጠየቅ የለመዱ እናቶች። ወጣቶቹ የሚያመነቱበትን ምክንያት ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ስንፍና የሚባል አይደለም። ስምና የቤት ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ይፈራሉ። ከመካከላቸው ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ልጅ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ለሚፈጸም ጥፋት ከበድ ያለ ቅጣት መደንገጉን ያውቃል፤ የመንገድ መብራት ይብራልን ማለት ከዚያ አዋጅ ጋር ምንም እንደማያገናኘው ግን አላሰበውም። በአንጻሩ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ከመሰብሰብና ከሰላማዊ ሰልፍ ጋር አቤቱታ የማቅረብንም መብት አብሮ እንዳሰፈረ የሚያውቅ ከሦስቱ አንድም አልነበረም። የሚያስፈራው ሕግ በቪዲዮ ተሠራጭቶ የሚያስጠጋው ሕግ ሳይሠራጭ መቅረቱ በስልክ ላይ ስለምንማረው ፖለቲካ ብዙ ይናገራል፤ ፍርሃት ተመልካች ይስባል፣ የአንቀጽ ቁጥር አይስብም።

ደብዳቤው ተጽፎ፣ ፊርማው ተያይዞ፣ ወደ መዝገብ ቤት ገባ። ልጆቹ በቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ከማኅተም ጋር አስመትተው እንዲመለሱ እትዬ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀዋቸው ነበርና፣ ይዘው መጡ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው ከሁሉ በላይ የወደድኩት። ማኅተም የተመታበትን ገጽ፣ የፈራሚዎቹን ዝርዝር ሳይጨምሩ፣ በስልክ አንሥተው በግሩፑ ላይ ለጠፉት፤ ከዚያ በፊት ከተለጠፈው ቀልድና ስድብ ሁሉ የበለጠ ሰው ተቀባበለው። በየሳምንቱ «በዚህ ቁጥር የገባው ምን ደረሰ?» የሚል ጥያቄ እየጠቀሰው ይወጣ ጀመር፤ ፊርማ ነፍጎ የነበረ ልጅ ሳይቀር ቢሮ ሄዶ ጠይቆ የተባለውን ጽፏል። ስልኩ ሰዎችን በማሰባሰብና ጉዳዩን ባለማስረሳት ረገድ ተወዳዳሪ የለውም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ሥራ፣ ማለትም ጥያቄን በስም፣ በአድራሻና በቀን አስሮ ለሚወስን ሰው ማድረስን ግን ለዚህ ሰፈር እስካሁን የሠራለት ወረቀትና እትዬ ናቸው። ከፊሉ መብራት በርቷል፣ ከፊሉ እንደ ጠፋ ነው፤ የበራውም በአቤቱታው ይሁን ቀድሞ በተያዘ ዕቅድ የሚያረጋግጥልን አላገኘንም።

«ይህ እኮ አስተዳደራዊ ጉዳይ እንጂ ፖለቲካ አይደለም» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች የሚመረጡበት የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው፤ የ2010ሩ ተራዝሞ በዚያው ቀረ። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫም የአዲስ አበባ ነዋሪ የመረጠው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ በ2005 አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ዛሬ ልጅ ወልዶ እያሳደገም ቢሆን፣ የመንገዱን መብራት የሚመለከተውን የቅርብ ምክር ቤት አንድም ቀን በድምፁ አልመረጠም። ድምፅ መስጫ ሳጥን በሌለበት የአስተዳደር እርከን ላይ ለአንድ ወጣት የቀረው ፖለቲካ አቤቱታ ነው፤ እሱንም እንዴት እንደሚጻፍ ትምህርት ቤት አላስተማረውም። ኢንተርኔቱ ሞልቶ የፈሰሰው በዚህ ክፍተት ላይ ነው፤ ቅርቡ ሲዘጋበት ዓይኑን ወደ ሩቁ፣ ውጪ አገር ተቀምጠው ወደሚያሟሙቁት ሰዎች ቢያዞር አይፈረድበትም።

የቤቱን ጉድለት አሁን ልናገር፤ ቀላል አይደለም። በኮምፒውተሮቹ ዴስክቶፕ ላይ የሌላ ሰው ፋይል ተከምሮ ይታያል፦ የሥራ ማመልከቻ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የፋይዳ መታወቂያ ቅጂ፣ የቤት ኪራይ ውል። አንድ ቀን የተቀመጥኩበት ኮምፒውተር ከእኔ በፊት የነበረውን ሰው ቴሌግራም ከነሙሉ መልእክቱ ክፍት አድርጎ ጠበቀኝ፤ ዘግቼው ለአስተናጋጁ ብነግረው «ይረሱታል» ብሎ ሣቀ። ፊርማ ስለ መስጠት የሚፈሩ ልጆች ባሉበት ሰፈር፣ የፈራሚዎች ስምና የቤት ቁጥር የሰፈረበት ፋይል ለማንም ገብቶ ወጪ ተገልጦ መቀመጡ ቤቱ የሠራውን መልካም ሥራ ራሱ እንዲያፈርስ ያደርገዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንኳን የሰውን ሰነድ ማጽዳት ከመልካም ጠባይ የሚቆጠር እንጂ ግዴታ አይመስላቸውም። በየቀኑ ማታ ኮምፒውተሮቹን ማጽዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው ቅሬታዬ ስለ መቀመጫው ነው። ወንበሮቹ ስክሪኑ ለበሩ በሚታይበት አኳኋን ተደርድረዋል፤ ከኋላ ቆሞ የሚያነብም አይጠፋም። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል ልጃገረዶች አትመው ይወጣሉ እንጂ ብዙም አይቀመጡም። የመብራቱ ጉዳይ ከማንም በላይ የሚመለከታቸው እነርሱ ሆነው ሳለ ደብዳቤውን ይዘው የሄዱት ሦስቱም ወንዶች መሆናቸው ያሳዝናል፤ በግሩፑ ላይም ጥያቄውን መጀመሪያ ያነሣችው አንዲት የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ነበረች። ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳው ማዞር ወጪ የለውም።

የእትዬ አገልግሎት ዋጋ በገጽ ሲሆን፣ በከተማው መሐል በፍርድ ቤቶች አካባቢ ከሚጠየቀው ይረክሳል፤ የሰፈር ጉዳይ ይዞ በኅብረት ለመጣ ደግሞ ይቀንሳሉ። አማርኛቸው ጥንቁቅ ነው፤ ስድብና ማስፈራሪያ ካለበት «ይህ ዓረፍተ ነገር ደብዳቤህን ቅርጫት ውስጥ ያስገባዋል» ብለው ያወጡታል። በኦሮምኛ መጻፍ ሲያስፈልግ ግን የሚሠራ ሰው በቤቱ የለም፤ በዚህ አካባቢ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፣ ምክንያቱም ከደንበኞቹ ብዙዎቹ የሚያመለክቱበት ቢሮ የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው። እትዬ እንዲህ ዓይነቱን ደንበኛ ወደ ሌላ ቤት ይልካሉ፤ ወደ ቤቱ ከሚመጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዱን በግማሽ ቀን ቢቀጥሩ ግን ገበያውም ጥቅሙም የእነርሱ ይሆናል።

ቪዲዮ ለማየት ወይም ትልቅ ፋይል ለማውረድ የሚፈልግ ሰው ወደዚህ ቤት እንዲመጣ አልመክርም፤ የራሱ የስልክ ጥቅል ይሻለዋል። አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ግን ከነቅሬታዬም ቢሆን ይምጣ። እትዬ ከምሳ በኋላ ወረፋ ስለሚበዛባቸው ጠዋት መድረስ ይሻላል። የሚጻፍለትን መሥሪያ ቤት ትክክለኛ ስም አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ፊርማውን በወረቀት አሰባስባችሁ ኑ፤ ሁለት ቅጂ አሳትማችሁ በአንደኛው ላይ የገቢ ቁጥር አስመቱ። ስትወጡም ፋይላችሁ ከዴስክቶፑም ከሪሳይክል ቢኑም መጥፋቱን እዚያው ቆማችሁ አይታችሁ ሂዱ።